ቤት ሻጭና ገዥ ሳይቀያየሙ እንዲስማሙ፦ ከመጀመሪያው ጉብኝት እስከ ቁልፍ ርክክብ

አክስቴ ገርጂ ያለውን ቤቷን ስትሸጥ አብሬያት ነበርኩ። ውሉ ተፈረመ፣ አብዛኛው ገንዘብ ገባ፣ ዕቃው ተጭኖ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ገዥዎቹ ደወሉ። ገና የተጋቡ ባልና ሚስት ናቸው። ጣሪያው ላይ የነበረው የውሃ ታንከር የለም። ልጅቷ ፎቶ ላከችልኝ። ከታንከሩ ይወርድ የነበረው ቱቦ ጫፉ በፌስታል ታስሮ ቆሟል። በዚያ ሰፈር ያኔ ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነበር።

አክስቴ አልሰረቀችም። ታንከሩን በራሷ ገንዘብ ነው የገዛችው፤ ለእሷ እንደ ፍሪጇ ዕቃዋ ነው። ለገዥዎቹ ደግሞ እንደ በርና መስኮቱ የቤቱ አካል ነው። ማንም አልዋሸም፤ ማንም ግን አልጠየቀም። የቀረው ክፍያ ለሁለት ሳምንት ቆመ። ስም ማዛወሩም አብሮ ቆመ። አክስቴ በሰባ ዓመቷ "ሌባ" የተባለች ያህል ተሰምቷት እንቅልፍ አጣች።

ከዚያ ወዲህ ዘመድ ወይም ጎረቤት ቤት ሲሸጥም ሲገዛም አብሬ እቀመጣለሁ። በዋጋ ያልተስማማ ሰው ብዙውን ጊዜ ተነስቶ ይሄዳል እንጂ አይጣላም። የሚያጣላው ሁለቱም "ይሄማ የታወቀ ነው" ብለው ሳይናገሩ ያለፉት ነገር ነው። ቀጥሎ ያለው አካሄድ ያንን ነገር ቀብድ ሳይከፈል በፊት አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ለማኖር የሚረዳ ነው። ምሳሌዎቼ ሁሉ የአዲስ አበባ ናቸው።

1. ከመገናኘታችሁ በፊት ለየብቻ ጻፉ

ሻጭም ገዥም አንድ አንድ ወረቀት ይያዙ። ስድስት ጥያቄ ይበቃል። ስንት? አከፋፈሉ እንዴት ይሁን? መቼ ልውጣ፣ ወይም መቼ ልግባ? ምን ይቀራል፣ ምን ይነሳል? ግብሩንና ወጪውን ማን ይችላል? ምን ቢፈጠር ነው "ይቅርብኝ" የምለው?

ሻጭ ከሆናችሁ ይህን ወረቀት ከቤተሰብ ጋር ሙሉት። አባት "እሸጣለሁ" ብሎ፣ እናት "እናስብበት" ላይ ሆና፣ ልጁ ከውጭ ደውሎ "እንዳትሸጡ" የሚልበት ቤት አጋጥሞኛል። ገዥው ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ነው ይህን ያወቀው። መጀመሪያ ቤታችሁ ውስጥ ተስማሙ። የሌላ ሰው ጊዜና ተስፋ በእጃችሁ ነው።

ገዥም እንደዚያው። "ገንዘቡ አለ" ማለት ስንቱ በእጅ አለ፣ ስንቱ ከባንክ ይመጣል፣ ስንቱ መኪና ተሸጦ ይሞላል? በትክክል ጻፉት።

2. ቢያንስ አንዴ ፊት ለፊት ተቀመጡ

ደላላ ይጠቅማል። ቤት ያገኛል፣ ሰው ያገናኛል፣ ሩጫ ይቀንሳል። ችግሩ ወሬ አመላላሽ ሲሆን ነው። ለሻጭ "ገዥው ቸኩሏል፣ ብሩ በእጁ ነው" ይላል። ለገዥ "ሻጩ ተቸግሯል፣ ትንሽ ጠብቀው ይወርዳል" ይላል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የቸኮለ ሀብታም፣ ሌላው የተቸገረ ሰው ይጠብቃል። ሁለቱም ያሰቡትን ሰው አያገኙም።

ስለዚህ ዋጋ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት አንድ ቡና አብራችሁ ጠጡ። ደላላው ቢኖርም ግድ የለም፤ ንግግሩ ግን በሁለታችሁ መካከል ይሁን። ሻጩ ለምን እንደሚሸጥ ይናገር። ገዥው ለምን ይህን ሰፈር እንደፈለገ ይናገር። "ጋሼ፣ ልጆቼ ትምህርት ቤታቸው እዚህ ማዶ ነው፣ ከመስከረም በፊት መግባት አለብኝ" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሰዓታት የሚፈጅ ክርክር ያስቀራል። የደላላውንም ክፍያ በዚሁ ቀን፣ እሱ ባለበት ተነጋገሩ። ማን ይከፍላል? ስንት? መቼ? ከሻጩ ዋጋ ላይ የሚጨመር ነገር አለ ወይስ የለም?

3. ዋጋው ከምን እንደመጣ ተጠያየቁ

ይህ ክፍል ረዘም ይላል፤ ምክንያት አለው።

ሻጭ ዋጋ የሚያወጣው ጎረቤት ተሸጠ ከተባለው ነው። "እዚያ ማዶ ያለው በስንት እንደሄደ ሰምተሃል?" የሰማው ግን ብዙውን ጊዜ የተጠየቀውን ዋጋ እንጂ የተከፈለውን አይደለም። በዚያ ላይ ያፈሰሰውን ሲሚንቶ፣ የቀየረውን ሴራሚክ፣ ያሳደጋቸውን ልጆች ይጨምራል። ገዥ ደግሞ የሚቆጥረው ወደፊት የሚያወጣውን ነው። ጣሪያው ያፈሳል፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ አርጅቷል፣ ኩሽናው ይፈርሳል። አንዱ ወደ ኋላ፣ ሌላው ወደ ፊት ይቆጥራል። ሁለቱም ልክ ናቸው።

መጀመሪያ እያንዳንዳችሁ ሦስት ተመሳሳይ ቤቶች ፈልጉ። ተመሳሳይ ሲባል ሰፈሩ፣ ካሬው፣ የግንባታው ዕድሜ፣ የመንገዱ ስፋትና የይዞታው ዓይነት ማለት ነው። የመጨረሻው ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። መሬት በ1967 ዓ.ም. አዋጅ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ፣ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም የመንግሥትና የሕዝብ ተብሎ እንደጸና፣ በውል የሚተላለፈው ቤቱና በቦታው የመጠቀም መብቱ ነው። ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ) እና ሊዝ (ለተወሰነ ዓመት ከመንግሥት በክፍያ የተያዘ ቦታ) አንድ አይደሉም። ሊዝ ከሆነ የቀረ ዓመታዊ ክፍያ ሊኖር ይችላል። ሻጩ "እሱ ከቤቱ ጋር ይሄዳል" ብሎ ያስባል፤ ገዥው "ተከፍሎ ያለቀ" መስሎት ይመጣል። ቀሪውን የሊዝ ዕዳ በቁጥር ጠይቁ፤ ከዋጋው ይቀነስ ወይስ ገዥ ይቀበለው የሚለውን ጻፉ።

ቀጥሎ "ንጹህ" የምትለዋ ቃል አለች። ሻጭ "አሥራ ሁለት ሚሊዮን" ሲል ብዙ ጊዜ በልቡ "በእጄ የሚገባኝ" ማለቱ ነው። ገዥ "አሥራ ሁለት" ሲሰማ "ከኪሴ የሚወጣው ጠቅላላ" ብሎ ይረዳል። በሁለቱ መካከል የካፒታል ጌይን ግብር፣ የቴምብር ቀረጥ፣ የስም ማዛወሪያ ክፍያና የደላላ ድርሻ አለ። ቀላል ገንዘብ አይደለም። በሕጉ ካፒታል ጌይን የሻጭ ነው፣ ምክንያቱም የሚታሰበው ሻጭ ባተረፈው ላይ ነው። በልማድ ግን "ሁሉንም ገዥ ይችላል" የሚል ሻጭ ሞልቷል። ገዥው አውቆ ከተስማማ ችግር የለውም። ሳያውቅ ከሆነ ግን ጠቡ የሚነሳው ክፍለ ከተማው ደጃፍ ላይ ነው። የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሏልና ከጎረቤት በሰማችሁት መቶኛ አትሥሩ። ሻጩ የሚኖርበት ቤት ከሆነም ይህ በግብሩ ላይ ለውጥ ያመጣ እንደሆነ ባለሙያውን በቀጥታ ጠይቁ። ከተማው የራሱ የዋጋ ግምት አለው። ክፍያው በውሉ ዋጋ ብቻ ይታሰባል ብላችሁ አታስቡ።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። አንድ ነጭ ወረቀት በሁለቱ መካከል አኖራለሁ። ላይ "ሻጭ እጅ የሚገባ"፣ ታች "ከገዥ ኪስ የሚወጣ" ብዬ እጽፋለሁ። በመካከል እያንዳንዱን ወጪ በአንድ አንድ መስመር፣ ከጎኑም የሚከፍለውን ሰው። አንድ ጊዜ ይህን ሳደርግ ሻጩ እርሳሱን ከእጄ ተቀብለው "የቴምብሩን እኔ ልቻል፣ ይሄ ልጅ ሊያልቅ ነው" አሉ። ቁጥሩን ሲያዩት ነው ያዘኑለት።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ልዩነት ይቀራል። ሻጭ 12.5 ሚሊዮን ይላል፣ ገዥ 11.8 ይላል እንበል። ብዙ ሰው መሀሉን ቆርጦ ይጨባበጣል። ከዚያ በፊት ግን ከብር ውጭ ምን መለዋወጥ እንደምትችሉ ፈልጉ። ሻጩ የሚገባበት ቤት ገና አልጨረሰም? ገዥው ለሦስት ወር ያለ ኪራይ ያስቀምጠው፤ የሦስት ወር ኪራይ ብር ነው። ገዥው ጥሬ ገንዘቡ ዝግጁ ነው? አብዛኛውን በውሉ ዕለት በሲፒኦ (በባንክ የክፍያ ማዘዣ) ይስጥ፤ ለቸኮለ ሻጭ ይህ ዋጋ አለው። የኩሽናው ካቢኔ፣ ቁምሳጥኑ፣ ጄኔሬተሩ ይቅር? እያንዳንዱ ልዩነቱን ያጠባል። ሳትሞክሩት መሀል አትቁረጡ።

4. ሜትር ይዛችሁ አብራችሁ ለኩ

ሻጭ "250 ካሬ ነው" ይላል፤ ሠላሳ ዓመት አጥሩን ሲያይ ኖሯል። ካርታው ላይ 218 ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ በአጥር የተያዘ ትርፍ ቦታ ነው። ገዥው የከፈለው ለ250 ከሆነ፣ በስሙ የሚዞርለት 218 ከሆነ፣ ሰማይ የተደፋበት ያህል ይሰማዋል። ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ፣ ወደ ግቢው ውጡ፣ ሜትሩን አንዱ ከዚህ ሌላው ከዚያ ይያዝ። ዋጋው በካርታው ልክ ይሰላ። ትርፉ ቦታ ካለ ዋስትና እንደሌለው ሁለቱም ይወቁ።

አፓርታማ ላይ ደግሞ ካሬው የውስጡ ብቻ ነው ወይስ የደረጃና የኮሪደር ድርሻም ተደምሯል ብላችሁ ጠይቁ።

5. ወረቀቱን ሻጭ ራሱ ያቅርብ

ገዥ ካርታ ሲጠይቅ "አታምነኝም እንዴ?" የሚል ሻጭ አለ። አዝናለሁ፤ ይህ የእምነት ጉዳይ አይደለም። ሻጭ ከሆናችሁ ሳትጠየቁ አቅርቡ። ገዥ ወዲያው ልቡ ያርፋል።

ምን ምን? ካርታው በማን ስም ነው? በሟች አባት ስም ከሆነ የወራሽነት ማስረጃው ወጥቶ ስሙ ዞሯል? በውጭ ያለ ወንድም ድርሻ አለው? ያገባ ሻጭ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ትፈርማለች? የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱም ስምምነት እንዳይሸጥ ይከለክላል። ያላገባ ወይም የተፋታ ከሆነም ማስረጃ ይጠየቃል። ቤቱ ባንክ ተይዟል? የፍርድ ቤት እግድ አለበት? ይህንን ከይዞታ አስተዳደሩ ዕዳና እገዳ አስጣርታችሁ እንጂ ከአፍ አትቀበሉ። በዕጣ የደረሰ ኮንዶሚኒየም ከሆነ እንዳይሸጥ የሚከለከልበት 5 ዓመት ሞልቷል? የባንክ ዕዳውስ ስንት ቀረ?

በውክልና ሲሆን ጥንቃቄው ይጨምራል። አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ዱባይ ያለ ባለቤት በወንድሙ በኩል ይሸጣል እንበል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቤት ለመሸጥ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፤ "ለመሸጥ" የሚል ልዩ ሥልጣን መጻፍ አለበት። ውክልናው አለመሻሩን አረጋግጡ። ሰጪው በሕይወት መኖሩንም፣ ምክንያቱም በመርህ ደረጃ ውክልና በሞት ይቋረጣል። በእኔ በኩል ሁልጊዜ ባለቤቱን በቪዲዮ አናግራለሁ። "ወንድምህ በዚህ ዋጋ፣ በዚህ ጊዜ እየሸጠልህ ነው፣ ታውቃለህ?" አንዴ "በስንት አልሽኝ?" ብሎ የደነገጠ ባለቤት ገጥሞኛል። ያ ሽያጭ ያን ቀን ቆመ፤ መቆሙም መልካም ሆነ።

ከውጭ ሆኖ የሚገዛ ሰው ደግሞ በቪዲዮ ያየውን ቤት ይጠብቃል። ቪዲዮው የጎረቤቱን ወፍጮ ቤት ድምፅ አያሳይም። ጠዋትና ማታ የሚሄድለት ሰው ያዘጋጅ።

6. ቀብዱን ከመቀበላችሁ በፊት ሕጉን አንብቡ

ቀብድ ላይ የሁለቱ ግምት ሰማይና ምድር ነው። ገዥ "ሐሳቤን ብቀይር ይመልሱልኛል" ይላል። ሻጭ "የተሻለ ዋጋ ከመጣ መልሼለት እገላገላለሁ" ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የሰጠው ሰው ውሉን ሲተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ሰው ሲተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ይህን አንቀጽ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። ጠረጴዛው ለአፍታ ጸጥ ይላል። ከዚያ እውነተኛው ጥያቄ ይመጣል፦ "ባንኩ ብድሩን ቢከለክለኝስ?" ልክ ነው፣ አሁን ይጠየቅ። "ባንክ ብድሩን ካልፈቀደ ቀብዱ ይመለሳል" የሚል አንድ መስመር ይጨመር ወይስ አይጨመር፣ ሻጩ አውቆ ይወስን። ካርታው ላይ እገዳ ቢገኝም እንደዚያው።

በባንክ ብድር የሚገዛ ሰው ጊዜውን አያሳምር። ባንኩ መሐንዲስ ልኮ ቤቱን ይገምታል፣ ወረቀቱን ያጣራል፣ ቤቱን በመያዣ ያስመዘግባል። የባንኩ ግምት ከተስማማችሁበት ዋጋ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ያኔ ልዩነቱን ገዥው ከኪሱ ይሞላል። ሻጭ ይህን ካላወቀ በሁለተኛው ሳምንት "አታለለኝ" ማለት ይጀምራል። ከባንኩ የሰማችሁትን ቀን ንገሩት፣ ላዩ ላይም የተወሰነ ሳምንት ጨምሩ።

7. ውሉ ላይ እውነተኛውን ዋጋ ጻፉ

ግብር ለመቀነስ ተብሎ ውሉ ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ የማስፈር ልማድ አለ። አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ሕገወጥ ነው። በዚያ ላይ ውሉ ቢፈርስ ገዥው በወረቀት ማስረዳት የሚችለው የተጻፈውን ብቻ ነው። 12 ሚሊዮን ከፍሎ 4 የሚል ውል የያዘ ሰው ስምንቱን በምን ያስረዳል? ገንዘቡ በባንክ ይዙር፤ ደረሰኙ ይቀመጥ።

የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ያዛል። ይህን የሚሠራው ሰዉ ዛሬም "ውልና ማስረጃ" የሚለው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ነው። ሰፈር ውስጥ ሦስት ምስክር አቁማችሁ የፈረማችሁት ብቻውን አይበቃም።

ክፍያውን ከሥራው ጋር እሰሩት። ቀብድ፤ በውሉ ምዝገባ ቀን ዋናው ክፍያ፤ ስም ሲዞርና ቁልፍ ሲሰጥ የመጨረሻው። የመጨረሻዋ ድርሻ ሻጩን እስከ መጨረሻ የምታቆይ፣ ገዥውን ደግሞ የማታስጨንቅ ትሁን። ገደቡንም፣ ማለትም ውሉን ያፈረሰ ወገን የሚከፍለውን መቀጫ፣ ምክንያታዊ ቁጥር አድርጉት። በየውሉ መጨረሻ "ውሉን ያፈረሰ ወገን ይህን ያህል ከፍሎ ውሉ በፍ/ሕ/ቁ. 1731 መሠረት የጸና ይሆናል" የምትለዋን መስመር ብዙ ሰው ሳያነብ ይፈርማል። ቆም ብላችሁ አንብቧት፣ ቁጥሩን ሁለታችሁም በቃል ተናገሩት።

8. የሚቀረውንና የሚነሳውን ክፍል በክፍል እየዞራችሁ ጻፉ

የአክስቴ ታንከር ትምህርት ቤቴ ነው። ከበሩ ጀምሩ። የውጭ መብራት ይቀራል? ደወሉ? የሻወር ማሞቂያው? የመጋረጃ ብረቱ? ሳህን ማጠቢያው? የሳተላይት ዲሹ? ፓምፑና ታንከሩ? የጓሮው ጌሾና ሮማን? አትሳቁ፤ እናቷ የተከለችውን ሮማን ነቅላ ልትወስድ የፈለገች ሴት አውቃለሁ፤ ገዥው ችግኝ እንድትወስድ ፈቀደላት። እያንዳንዱን በ"ይቀራል" እና "ይነሳል" ለዩት፤ ሁለቱም ይፈርሙበትና ከውሉ ጋር ይያያዝ።

ተከራይ ካለ ይህ ለብቻው ይታይ። "አስወጣዋለሁ" የሚለው የሻጭ ቃል አይበቃም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ አድርጓል። የተከራዩን ውል እዩ፣ ተከራዩን ራሱን አናግሩት። እሱም ቤተሰብ አለው።

9. የርክክብ ቀን

በቀን ብርሃን ይሁን፣ ዕቃው ከወጣ በኋላ። የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ሁለታችሁ አንብቡ፣ ፎቶ አንሱ። ያልተከፈለ የመብራትና የውሃ ሒሳብ፣ የቤትና የቦታ ግብር፣ በኮንዶሚኒየም ከሆነ የማኅበሩ መዋጮ እስከዚያ ቀን ያለው የሻጭ ነው። ያያያዛችሁትን ዝርዝር ይዛችሁ ክፍል በክፍል ዙሩ። ውሃውን ክፈቱ፣ መብራቱን አብሩ፣ የሽንት ቤቱን ውሃ ልቀቁት። የጎደለ ካለ እዚያው ይነገር፤ የመጨረሻዋ ክፍያ እስካሁን በገዥው እጅ ናት።

ሻጭ ጎረቤቱን ያስተዋውቅ። ውሃ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ፣ ጥበቃውን ማን እንደሚከፍለው፣ ቆሻሻ የሚያነሱት ልጆች መቼ እንደሚመጡ ይንገር። ዕድሩንም። ከዚያ ቁልፎቹ በሙሉ ይቆጠሩና ይሰጡ፤ ገዥ በዚያው ምሽት የበሩን ቁልፍ ሲሊንደር ይቀይር፣ ለሻጭም አስቀድሞ ይንገረው።